አክሊል ያልደፉ ላሞች

ስላቭቾ ከአዲሱ የተንጠልጣይ ካቢን መስመር ሰባተኛ ምሰሶ ላይ ወድቆ የሞተው በሐምሌ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት ነው። ገመዱን ሲወጥሩ አንድ መንጠቆ ለቀቀና መታው፤ በቃ፣ አለቀ። ሥራው ሁለት ቀን ቆመ። ከዚያ ሄሊኮፕተሩ እንደገና ብረት ተሸክሞ በጎጇችን ጣራ ላይ ሲያልፍ አባቴ ከጋጣው ወጣ፣ ቀና ብሎ አየው፣ ተመልሶ ገባ። እኔ ግን ተሳደብኩ። መስመሩን የሚዘረጋው ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ወንድሜ ጌብሃርድ ነው፤ የሰደብኩትም እሱን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እውነቱን ልናገር። ይህን ተራራ ለስኪ የከፈተው ሌላ ማንም ሳይሆን አባቴ ኮርቢኒያን ነው። ገና ጺም ሳያበቅል፣ ከጦርነቱ የተረፈ የጭነት መኪና ሞተር ከአባቱ ጋር ከጋጣው ጀርባ ተከለና ረጅም ገመድ አሰረበት። ከከተማ የመጡት ሰዎች ገመዱን ጨብጠው ሽቅብ ይጎተታሉ፣ ከዚያ እየጮኹ በበረዶው ላይ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። መንደሩ ሁሉ ሳቀበት። በቀጣዩ ክረምት የሳቁት ሁሉ አልጋቸውን ለእንግዳ ያከራዩ ጀመር።

እኔና ጌብሃርድ ስንወለድ ነገሩ ወግ ሆኖ ነበር። በረዶው ሲወርድ ከአልጋችን እንባረራለን። ድርቆሹ ላይ ተቃቅፈን ተኝተን፣ በሳንቃው ቀዳዳ እናታችን የእኛን ትራስ ለቪየና ሰዎች ስትደለድል እናያለን። ጌብሃርድ ያኔ "ሳድግ ለእንግዳ የራሱን አልጋ እሠራለታለሁ" ይል ነበር። አደረገውም! በገመዱ ቦታ ተንጠልጣይ ወንበር መጣ፣ በወንበሩ ቦታ በመስታወት የተዘጋ ካቢን መጣ። የአንጥረኛው ቤት ሆቴል ሆነ፣ ሆቴሉ ሌላ ሆቴል ወለደ። ላሞች ይሰጥሙበት የነበረው ረግረግ ተቆፍሮ ሐይቅ ሆነ፤ ሰማዩ በረዶ የነፈገ ጊዜ ከዚያ ውሃ በመድፍ እየረጩ በረዶ ይሠራሉ። ትምህርት ቤታችን ልጅ ስላጣ ተዘጋና የስኪ ጫማ ማከራያ ሆነ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። እኔም ስስቅ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ገንዘብ ነው።

ስላቭቾ ከመቄዶንያ የመጣው ለአንድ ክረምት ነበር። የኩባንያው የሠራተኞች ማደሪያ ሞልቶ ስለነበር ጌብሃርድ ራሱ ወደ አባቴ ቤት አመጣው። ስምንት ዓመት ቆየ። ክረምቱን ካቢኖቹ ዘንድ ቆሞ የሰው ስኪ ሲያቀብል ይውላል፤ በጋውን ከአባቴ ጋር ላሞቹ በሚግጡበት በላይኛው መስክ ጎጆ ያድራል፣ ማለዳ ላሞቹን አልቦ ወደ ምሰሶዎቹ ይሄዳል። ሁለቱም ወሬ አይወዱም። አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ወጥቼ እንደ ደንቆሮ ዝም ብለው ሲበሉ አገኘኋቸውና "ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?" ብላቸው ስላቭቾ በዚያ በተሰባበረ አፉ "ኧረ አይ! አሁን ብዙ አውርተን ነው የጨረስነው" አለኝ። አባቴ ሾርባው ትን እስኪለው ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

መስከረም ላይ ላሞቹ ከላይኛው መስክ ወደ መንደር ሲወርዱ አክሊል ይደፋሉ፤ ከጥድ ቅርንጫፍ፣ ከአበባና ከባለቀለም ጥብጣብ የተሠራ። ትልልቅ ደወል በአንገታቸው ይታሰራል። በጋው በሰላም አለፈ ማለት ነው። በመስኩ ወይም በባለ መስኩ ቤት ሞት ከገባ ግን አክሊል የለም፤ ደወሉም እንዳይጮህ በድርቆሽ ይጠቀጠቃል። ይህን የጻፈው ሰው የለም፣ የማያውቀውም የለም። ታዲያ ኩባንያው ይህን ቀን ትልቅ በዓል አድርጎታል። የነሐስ ባንድ፣ ቢራ፣ ለአንድ ቀን የተገዛ የቆዳ ሱሪ የለበሰ ስንት ሺህ እንግዳ! የአባቴ መንጋ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ፊት መሪ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጌብሃርድ መኪናውን ይዞ ወደ ጎጆው መጣ። አባቴ የተጨሰ ሥጋና ዳቦ እየቆረጠ ነበር፤ ለእሱም ቆረጠለት።

"አባባ፣ አክሊሎቹን ዘንድሮ ከአበባ ቤት አዝዣለሁ። የሚሠራልህ ሰው ስለሌለ ብዬ ነው።"

"ዘንድሮ ላሞቼ አክሊል አይደፉም።"

ጌብሃርድ ዳቦውን አስቀመጠ። "እኔም እወደው ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ግን የሥጋ ዘመድ አይደለም። ደግሞ ሥራ ላይ ነው የሞተው፣ መስክ ላይ አይደለም።"

"የት ነው የወደቀው?"

"ሰባተኛው ምሰሶ ላይ። ታውቀው የለ?"

"ሰባተኛው ምሰሶ የት ነው የቆመው?"

ወንድሜ የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበ።

"ሣር የማጭድበት የእኔ መስክ ላይ ነው" አለ አባቴ። "ስታስፈርመኝ ምን አልከኝ? 'አባባ፣ ምሰሶ ብቻ ነው የሚቆመው፣ መሬቱ ያንተው ነው' አልከኝ። መሬቱ የእኔ ከሆነ ሬሳውም የእኔ ነው።"

"ውሉ እኮ እንደዛ አይልም፤ ውሉ ላይ..."

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!" አልኩት፣ አላስችል ብሎኝ።

"ቡርጊ፣ አንቺ ደግሞ ነገር አታቀጣጥዪ! ሁለቱን ሸለቆ የሚያገናኘው መስመር የሚመረቀው በዚያው ቀን ነው። በአገሩ ትልቁ የስኪ ቦታ እንሆናለን። ቴሌቪዥን ይመጣል። ላሞቹ እንደ ለቀስተኛ ዝም ብለው ቢወርዱ ሰው 'ምን ሆነው ነው?' አይልም?"

"ይበል! እኛስ ምን አልን? አንድ ሰው እንኳ ይጠይቅ እንጂ!"

ያንገበገበኝ ይኸው ነበር። ኩባንያው ስለ ሞቱ ባወጣው መግለጫ "አንድ የውጭ ሠራተኛ" ብሎ አልፎታል። ስም የለውም፣ ቤት የለውም። አክሊሉ ከተደፋ ያ ሰው በዚህ ተራራ ላይ አልሞተም ማለት ነው፤ ስምንት ዓመትም አልኖረም ማለት ነው። አባቴ ቢላዋውን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ላሞቹ ወጣ። ጌብሃርድ የተቆረጠለትን ሳይበላ ሄደ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። በበዓሉ ዋዜማ ግን የስላቭቾ ሚስት ዶንካ መጣች። ዕቃውን እንድትወስድ የጠራኋት እኔ ነኝ፤ ቀኑን የመረጠችው ግን ራሷ ናት። በልጅነቷ ግራዝ ከተማ ቤት ስትጠርግ ስለኖረች ቋንቋችንን ትሞክራለች። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ጌብሃርድም እዚያ ነበር፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። የሐዘን ቃል ተናገረ፣ ሻንጣዋን ተቀበላት።

"ላሞቹ ነገ ነው የሚወርዱት፣ አይደል?" አለች ዶንካ። "ስላቭቾ በየዓመቱ በስልክ ይነግረኝ ነበር። 'እንደ ሙሽራ አበባ ደፍተው ነው የሚወርዱት፣ አንድ ቀን መጥተሽ ታያለሽ' ይለኛል። ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። አሁን ልየውና ልሂድ።"

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ዶንካን ክፍሏ አስገብተን ስንወጣ በሩ ላይ ያዘኝ።

"ሰማሽ አይደል? የሟቹ ሚስት ናት እንግዲህ! ይቺን ሴት አበባ ልትከለክሏት ነው?"

"አንተ ለእሷ ብለህ ነው?"

"አላውቅም" አለ። "እውነቱን ልንገርሽ ቡርጊ፣ አላውቅም።" ድምፁ እንዲያ ሲሰበር ሰምቼው ስለማላውቅ ልሳደብ የከፈትኩት አፍ ተዘጋ። እኔስ ምን አውቄ? የስላቭቾ ክብር የሚስቱን ምኞት ከማሟላት ይበልጣል ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር?

ጌብሃርድ ያንኑ ምሽት አክሊሎቹን በመኪና ወደ ጎጆው ላከ፤ ሾፌሩ የዶንካን ቃል እንዳለ ለአባቴ እንዲነግረው አደረገ። ሾፌሩ ተመልሶ "ሽማግሌው አክሊሎቹን ተቀበሉኝ፣ አመሰግናለሁ አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም" አለን። ነገ ላሞቹ ምን ሆነው እንደሚወርዱ የሚያውቅ አባቴ ብቻ ነበር።

በማግስቱ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ተሞላ። ዶንካን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ፊት አቆምኳት። ጥቁር ልብሷን በደንብ ተኩሳዋለች። ጌብሃርድ ከባንዱ አጠገብ መድረክ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ቆሟል። ሁልጊዜ ላሞቹ ከመታየታቸው በፊት ደወሉ ከጥዱ ውስጥ ይሰማል፤ ሕፃናት ያንን ሰምተው ነው የሚጮኹት። ያን ቀን ጠበቅን፣ ምንም የለም። ጌብሃርድ በማይክሮፎኑ "ትንሽ ዘግይተዋል" ሲል ከመታጠፊያው ላይ መሪዋ ላም ብቅ አለች።

ራሷ ላይ ምንም አልነበረም። ከኋላዋ ያሉትም እንደዚያው። ከደወሎቹ አፍ ድርቆሽ ወጥቶ ይታያል፤ የሚሰማው የሰኮናቸው ድምፅ ብቻ ነው። የባንዱ ልጆች የእኛው መንደር ልጆች ናቸውና ማንም ሳያዛቸው መሣሪያቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንግዶቹ ግን ያጨበጭባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዱ እንዲያውም "ኧረ አበባቸውን ማን በላባቸው?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ።

ዶንካ ክንዴን ጨበጠችው።

"አበባው የት አለ? እኔ ስመጣ ነው የደበቃችሁት? ምን በደልኳችሁ?"

"አይደለም እህቴ። እኛ አገር የቤት ሰው ሲሞት ላሞቹ አበባ አይደፉም። እንዲህ ባዶ ራሳቸውን፣ ድምፅ ሳያሰሙ ነው የሚወርዱት።"

አፌን ትክ ብላ አየችው፤ የገባት አልመሰለኝምና ልደግምላት ስል አባቴ ደረሰ። ላሞቹን እንዲያልፉ ትቶ ከፊቷ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ትላንት ምኞትሽን ነገሩኝ፤ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ" አላት። "አበባውን በሌላ ዓመት መጥተሽ ታዪዋለሽ። ዘንድሮ ግን ሐዘን ላይ ነን። የቤቱ ሰው ከላሞቹ ኋላ ነው የሚሄደው፤ ነይ፣ ከእኛ ጋር ሂጂ።"

ዶንካ አጥሩን ለቃ ወደ መንገዱ ወጣች። በአንድ ጎኗ አባቴ፣ በሌላው እኔ ሆነን ከመጨረሻዋ ላም ኋላ ገባን። መድረኩ ጋ ስንደርስ ወንድሜን ላለማየት አንገቴን ደፋሁ። ማይክሮፎኑ ሲቀመጥ ግጭ ሲል ሰማሁት። ቀና ስል ጌብሃርድ ኮቱን እንደለበሰ፣ የኩባንያው ምልክት ደረቱ ላይ እንዳለ፣ በላሞቹ ፋንድያ መካከል አባቴን ተከትሎ ይሄዳል። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ከጎን ጎኑ እየሮጠች "አቶ ጌብሃርድ፣ ምን ተፈጠረ? ላሞቹ ምን ሆኑ?" ትለዋለች።

"የቤት ሰው ሞቶብን ነው" አላት። ቀጥሎም ስላቭቾን ከእነአባቱ ስም ጠራው።

ማልቀስ ያማረኝ ያን ጊዜ ነው፤ አለቀስኩም። ከኋላችን የነበሩት የሁለት መንጋዎች ባለቤቶችና እረኞች የደወላቸውን ምላስ በእጃቸው ይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተከተሉን። ከመንደሩ ወጥተን ወደ ጋጣው የሚወስደውን መንገድ ስንይዝ ዶንካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

"ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ አበባው ሲነግረኝ ኖረ። እንዲህም እንደሚወርዱ ግን አንድ ቀን አልነገረኝም።"

"እሱም አላየማ" አልኳት። "እሱ ከመጣ ወዲህ ከቤታችን ሰው ሞቶ አያውቅም። የመጀመሪያው እሱ ነው።"