ከኋላዬ የሚፈስ ውሃ

አባባ ራፊን ለመንከባከብ ሀዳር ሃካርሜል ወደሚባለው ሰፈር የሄድኩ ዕለት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ተጣላን። ሥራዬን ጨርሼ ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ዞር ስል ሽማግሌው በመዳብ ጣሳ የረገጥኩበት ላይ ውሃ ያፈሳሉ።

ደሜ ፈላ። ጎንደር፣ መንደራችን ሳለን፣ ከእምነታችን ውጭ የሆነ ሰው የነካን እንደሆነ ወንዝ ወርደን እንታጠብ ነበር። የእጥበት ነገር ለእኔ ነጋሪ አያሻኝም። ተመልሼ ወጣሁና «ዱካዬ ያረክሳል እንዴ?» አልኳቸው።

ደነገጡ። «ልጄ፣ ቶካት ውስጥ የሚሄድ ሰው በደህና እንዲመለስ ከኋላው ውሃ ይፈስለታል» አሉኝ። ቶካት ቱርክ ያለች፣ ዙሪያዋን ተራራ የከበባት የትውልድ ከተማቸው ናት። ጣሳውም የመጣው ከዚያው ነው።

«እኛ ዘንድ ደግሞ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ነው የሚባለው» አልኩ፤ አፌ መች ያርፋል።

ሳቁ። ከዚያ ግን «እኛ ስንወጣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አብሮ ወጣ። ውሃ የሚያፈስልን አልቀረም። ለዚህ ነው ያልተመለስነው» አሉ። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእኛም መንደር አንድ ሰው አልቀረም።

በሁለተኛው ዓመት ልባቸው ታመመና ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸው። አምቡላንሱ መጥቶ ልጃቸው ኢላኒት ደግፋ ስታወርዳቸው፣ እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተከተልኩ። እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ሁላችን ከሄድን ማን ያፈስልኛል?»

ፈርተው ነበር። እጃቸውን ይዤ መሄድ እየፈለግሁ በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ብዬ ቀረሁ። ጣሳው አነሰብኝ፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ ከደረጃው አናት ለቀቅሁት። የታችኛው ጎረቤት ሰደበኝ። ይሳደብ!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሱ፤ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ከስተው፣ ግን ተመለሱ። ደስታዬን የት ላድርሰው!

አመሻሹ ላይ ተሰናብቼ ወጣሁ። ጥቂት ደረጃ ወርጄ ቆምኩ። ጆሮዬን ቀሰርኩ። ውሃ የለም።

ተመልሼ ገባሁ። ጣሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ካሰች» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ታዲያ ሳይፈስልኝ ልሂድልዎ?» ብዬ ተቆጣሁ። ጣሳውን ሞልቼ ወንበራቸውን እስከ ደረጃው አፍ ገፋሁ። አስያዝኳቸውና እጄን ከእጃቸው ሥር አድርጌ አብረን አፈሰስን። ግማሹ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

«በይ፣ አሁን ሂጂ» አሉኝ።