የሰዓት ሠሪው ውክልና

ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ያን ቀን ግን አልጋ ላይ በጀርባቸው ተንጋልለው ነበር የጠበቁኝ። ቀኝ ጎናቸው ከሞተ፣ አንደበታቸውም ከተያዘ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው።

እኔ ሰነድ አረጋጋጭ ነኝ። በሽተኛ ቢሯችን ድረስ መምጣት ሲያቅተው መዝገቡን፣ የአሻራ ቀለሙንና ማኅተሙን ይዤ ወደ ቤቱ እሄዳለሁ። ማመልከቻውን ያስገባችው አብራቸው የምትኖረው አስተማሪዋ ልጃቸው ናት። ቤቱን ሸጣ ልታሳክማቸው አስባለች፤ ለዚህ ደግሞ የአባቷ ውክልና ያስፈልጋታል።

ታናሽ ወንድሟ፣ ሹፌሩ፣ በር ላይ ተቀበለኝ። «እህቴ፣ ገዢው ታች መኪና ውስጥ ነው ያለው። በእናትሽ ቶሎ በይልን።»

«ከአሁን በኋላ የሚመልሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» አልኩና ወንበሬን ወደ ትራሱ አስጠጋሁ። «አባባ፣ አዎ ሲሆን ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። አይደለም ሲሆን እንደተከፈተ ይተዉት። ይህ ቤት የእርስዎ ነው?»

ጨፈኑ።

ግርጌ የቆመችውን አስተማሪዋን አሳየኋቸው። «ይህቺ ልጅዎ ናት?»

ጨፈኑ።

«ቤቱን እንድትሸጥ ውክልና ይሰጧታል?»

ጨፈኑ። ሹፌሩ የአሻራውን ቀለም ብድግ አደረገ። «በቃ! አየሽ አይደል?»

ነገር ግን ሦስቱም መልስ አዎ መሆኑ አጠራጠረኝ። «አባባ፣ እኔስ ልጅዎ ነኝ?»

ጨፈኑ።

«አሁን ሌሊት ነው?»

ፀሐዩ ትራሱ ላይ ተዘርግቷል። አሁንም ጨፈኑ። እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

«ዛሬ አይሆንም።»

«እንዴት አይሆንም? ሦስት ጊዜ አዎ ብሎሻል!»

«አምስት ጊዜ ነው ያሉት። ችግሩም እሱ ነው። ሰው የሚሰጠውን ሳያውቅ የሰጠው ውክልና ከወረቀት አያልፍም። ነገ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ቢሄድ ሽያጩ ይፈርሳል፤ ያኔ ገዢውም እናንተም ገደል ገባችሁ።»

በሩን ዘግቶ ቆመ። «አባቴ ሲሞት ማኅተምሽን ታቅፈሽ ቁጭ ትያለሽ!»

ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወደ በሩ ተራመድኩ። እህቱ ክንዱን ይዛ ከበሩ ፈቀቅ አደረገችውና ደረጃው ላይ ተከተለችኝ።

«ጠዋት ጠዋት ደህና ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «መድኃኒቱን ሳይወስድ። ገላውን ሳጥበው እኮ ያውቀኛል።»

«መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?»

«ሦስት ሰዓት።»

«እንግዲያው ነገ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ። አእምሯቸው ደህና መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ አዘጋጂልኝ።»

በማግስቱ በትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። የሐኪሙን ወረቀት አነበብኩና ጀመርኩ።

«አባባ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ?»

ዓይናቸውን አፍጥጠው ‹ይቺ ደግሞ ምን ነካት› በሚል ዓይነት አዩኝ።

«አሁን ሌሊት ነው?»

አልጨፈኑም። የከንፈራቸው ግራ ጫፍ ፈገግ አለ።

«ልጅዎ በእርስዎ ስም ጉዳይ እንድትፈጽም ይወክሏታል?»

ጨፈኑ።

«ቤቱን እንድትሸጥስ?»

አልጨፈኑም። እስከ አሥር ቆጠርኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሽፋሽፍታቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ! ላንተው ሕክምና እኮ ነው!» ሹፌሩ ነው። እጄን አንስቼ አስቆምኩት፣ ጥያቄውንም ደገምኩት። መልሱ ያው ነው።

«ታችኛውን ወለል እንድታከራይስ?»

ጭፍን አደረጉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው እስኪመስለኝ ቆዩ።

ነገሩ ከሁላችንም በፊት የገባት ለእሷ ነው። አልጋው ሥር ተንበርክካ ያልሞተውን እጃቸውን ያዘች። «የት ትገባለች ብለህ ነው? ስለ እኔ ነው?»

ጨፈኑ።

«ታዲያ ልትሞትብኝ ነው?»

ይሄ የእኔ ጥያቄ ስላልነበር መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም። እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አዩዋት።

ውክልናውን እንደ አዲስ ጻፍኩት፦ ለማስተዳደር፣ ለማከራየት፣ ኪራይ ለመቀበል፣ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ለማስፈጸም። መሸጥ የሚል የለበትም። ቃል በቃል አነበብኩላቸው፣ በየመስመሩም ዓይናቸውን ጠበቅኩ። የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

ሹፌሩ ደረጃውን ወረደ። በመስኮት ሳይ ወደ ገዢው መኪና ጎንበስ ብሎ ያወራል። መኪናው ሄደ፤ እሱ ግን መንገዱ ዳር እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ቀረ።

ከሁለት ወር በኋላ አስተማሪዋ የኪራይ ውል ልታስመዘግብ ቢሮዬ መጣች። ከስታ ነበር፤ ፊቷ ግን ፈካ ብሏል።

«አባባ እንዴት ናቸው?»

«አንድ ቃል አወጣ። ‹እምቢ› ይላል። ሾርባ ስሰጠው እምቢ፣ ልብስ ስቀይርለት እምቢ። ቤቱን በእምቢታ ሞላው» ብላ ሳቀች።

«ወንድምሽስ?»

«እንዳኮረፈ ነው፤ ገና ከእኔ ጋር አይነጋገርም።» ውሉን ከነግልባጩ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ግን በሳምንት ሦስት ቀን አባዬን አዝሎ ደረጃውን የሚያወርደው፣ ሐኪም ቤት እግሩን የሚያለማምደውም እሱ ነው።»