እናቴ ስም ስትጠራ

እናቴ ረሳችኝ። ነገሩን ሳላሽሞነሙን ልናገረው። የወለደችኝ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ሴት አሁን «ልብስ ሰፊዋ» ነው የምትለኝ። ቅር ሲላት ደግሞ «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው?» ብላ እኔኑ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ ላይ አለቅስ ነበር። በኋላ «የያዝኩትን ቀሚስ ልጨርስና እሄዳለሁ» ማለት ለመድኩ። እሷም «እንግዲያው ቶሎ በይ፣ ይመሽብሻል» ትለኛለች። ልጅ ሳለሁ ወፍራም ስለነበርኩ «ድንቡሼ» ነበር የምትለኝ። ዛሬ እንደምለካበት ሜትር ቀጥኛለሁ፤ በዚያ ስም የሚጠራኝም የለም።

የምንኖረው አሮጌ ፎቅ ውስጥ ነው። አንዱ ክፍል መኝታችን፣ ሌላው የስፌት ቤቴ። መኪናዬ ግድግዳውን ተጠግታለች፤ ጠረጴዛው ላይ መቀስ፣ ጠመኔና የስፒል ጣሳ፤ ካውያው በሩ አጠገብ ካለው ማዕዘን። የእናቴ ወንበር ከመስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ ወደ ግቢው ያያል፤ በግቢው ያሉት የልብስ ማስጫ ገመዶች በአንድ ወቅት የእሷ ነበሩ። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ የፎቁን ሰው ልብስ የምታጥበው እሷ ነበረች።

ስታጥብ ደግሞ ዝም ብላ አታጥብም። እያንዳንዱን ልብስ ስታሰጣና ስታጥፍ ለባለቤቱ ትጸልይለት ነበር። ከሸሚዝ ጋር የምታወራ ይመስልብኝና አፍርባት ነበር። «ሰው ይስቅብሻል» ስላት «ይሳቅ፤ የሚስቀውም ልብስ አለው» ትለኛለች። አባቴ የሞተ ጊዜም፣ እህል ከቤታችን የጠፋ ጊዜም ይህን ልማዷን አልተወችም። እኔ ግን መጸለዩን ተውኩ። መቼ እንደተውኩ እንኳ አላስታውስም፤ ሥራ ሲበዛብኝ ጸሎቱ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ከጠረጴዛው ሥር ወደቀና ማንም አላነሳውም። እሷ ስትረሳኝ ደግሞ ከፈጣሪ ጋር ጨርሶ ተኳረፍን።

እጇ ሥራ ከፈታ ትረበሻለች፤ በር ከፍታ ካልወጣሁ ትላለች። ስለዚህ አንድ ያረጀ ሰማያዊ ፎጣ ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ስትዞር ፎጣውን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች፣ ጠርዝን ከጠርዝ እያገጣጠመች ታጥፈዋለች፣ መጨረሻ ላይ በመዳፏ መታ አድርጋ «አሜን» ትላለች። ከዚያ ትዘረጋውና እንደገና ትጀምራለች። ሰው ሁሉ ሲጠፋባት ጸሎቷ አልጠፋባትም።

አንድ ቀን እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ለአናጺው፣ ጌታዬ፣ ከሥሩ ሆነህ ተቀበለው። እግሩ ቢሰበር እንኳ ወገቡን አትንካበት። አሜን።» አናጺው ከእኛ በላይ የሚኖር፣ ደረጃውን እያፏጨ የሚወጣ ሰው ነው። ልጇን ረስታ አናጺ ታስታውሳለች ብዬ ተናደድኩ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣብኝም። በማግስቱ አናጺው የቆመበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ የአሸዋ ክምር ላይ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። ወገቡ ደህና ነበር።

አጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ብዙም ሳይቆይ ግቢያችን በር አጠገብ የምትነግደው የባለሱቋ ተራ ሆነ። ከታች ያለችው ጸጉር ሠሪ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ቆማለች፤ እናቴ ፎጣዋን እያጠፈች «ለባለሱቋ፣ ጌታዬ፣ ልጆቿን አውጣላት። ዕቃው ይቃጠል፣ ግድ የለም። ልጆቿን ብቻ» አለች። ጸጉር ሠሪዋ ሳቀች። እኔ ግን መርፌው ጣቴን ወጋኝ። በማግስቱ ሱቁ ነደደ። ከመደርደሪያ እስከ ጣሪያ አንድም ነገር አልተረፈም፤ ልጆቹ ግን በጓሮ በር ወጥተው መንገድ ላይ ቆመው ተገኙ።

ከዚያ በኋላ ወሬው እግር አወጣ። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ሰላምታው ተለወጠ። «እንዴት አደራችሁ» ቀርቶ «ማንን ጠራች?» ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ በበራችን ያልፋሉ። ደንበኞቼ ያልተሰፋ ጨርቃቸውን እየተቀበሉ ሄዱ። ጸጉር ሠሪዋ መልእክተኛ ሆና መጣች።

«ሰዉ ፈርቷል እኮ። ወይ መስኮቱን ዝጊ፣ ወይ አፏን አስይዢ።»

«እኔ የምሰፋው ጨርቅ ነው፤ አፍ አልሰፋም» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ባባርራትም እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻታለሁ። የገዛ እናቴን። ስም ከመጥራቷ በፊት ወደ ካውያው ማዕዘን ዘወር ትልና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። አንዳንዴ «እሺ» ትላለች፣ መልእክት እንደሚቀበል ሰው። ማዕዘኑ ላይ ካውያና የተንጠለጠለ ኮት እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ስሙን ከሚነግረኝ ጋር ነዋ።»

«ማነው እሱ?»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «አታውቂውም እንዴ? ካንቺ ጋር አይደል የመጣው?»

ኮቱን አውርጄ ሌላ ቦታ ሰቀልኩት። ማዳመጧን ግን አልተወችም።

የሰፈራችን ሹፌር የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ሲናገር ብርጭቆ የሚያንቀጫቅጭ ሰው ነው። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመና «እማማ፣ አደራዎን፣ የኔን ስም ለጠላቴ ይተዉልኝ!» ብሎ ቀለደ። ሱሪውን ለብሶልኝ ከሥሩ ተንበርክኬ ስፒል እየሰካሁ ነበር። ቀና ስል እናቴ ወደ ማዕዘኑ ዘንበል ብላለች። «እሺ» አለች። ፎጣውን ዘረጋች።

«ለዚህ ሹፌር፣ ጌታዬ፣ ነፍሱን ጠብቅለት። ዓይኑን ጠብቅለት። ቀኝ እጁን...»

የሹፌሩ ፊት አመድ መሰለ። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ፎጣውን ከእጇ መነጨቃት። «ይብቃዎት! ይብቃዎት እማማ! እኔ እኮ ልጆች አሉኝ!» ፎጣውን ወለሉ ላይ ጥሎ፣ ሱሪው ስፒል እንደተሰካበት፣ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

እናቴ ባዶ እጇን ተመለከተች። «አላለቀም እኮ» አለች። ፎጣውን አንስቼ ሰጠኋት፤ ዘረጋችው፣ አየችው፣ ከየት እንደምትቀጥል ግን ጠፋባት። እስክትተኛ ድረስ «አላለቀም፣ አላለቀም» ስትል ዋለች።

በማግስቱ የሹፌሩ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ተገለበጠ። ወሬውን ያመጣችው ጸጉር ሠሪዋ ናት። ነፍሱ ተርፋለች፤ ዓይኑም ፊቱም ጭረት አልነካቸውም። ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች የለም።

«አላልኩሽም?» አለችኝ። «የጠራችው ሁሉ ይመታል!»

ካውያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የአናጺው ወገብ፣ የባለሱቋ ልጆች፣ የሹፌሩ ነፍስና ዓይን በልቤ መጡብኝ። የለመነችው ሁሉ ተሰጥቷል። የሄደው ሳትለምነው የቀረችው ብቻ ነው።

«እናቴ አይደለችም የምትመታው» አልኳት። «መምጣቱ የማይቀር ነገር ሲመጣ ቀድማ ትለምናለች እንጂ። እሷስ ለእጁም ልትለምን ነበር። ፎጣውን ነጠቃት።» ጸጉር ሠሪዋ አፏን በእጇ ይዛ ወንበር ፈለገች።

ሹፌሩ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ሸሚዞቹን ይዞ መጣ። ከስቷል፤ ድምፁም አንሷል። «የቀኙን እጅጌ አሳጥረሽ ዝጊልኝ» አለኝ። ከዚያ እናቴ ፊት ተቀመጠ።

«እማማ፣ ያን ቀን ስለ እጄ ምን ሊሉ ነበር?»

አላወቀችውም። ከሸሚዞቹ አንዱን ከጉልበቱ ላይ አነሳች፤ የማይለበሰውን እጅጌ አቃንታ፣ ጠርዝን ከጠርዝ አገጣጥማ አጠፈችው። «ግራ እጁን አበርታለት፣ ጌታዬ። ቤቱን በእሷ ያኑር» አለችና መታ አደረገችው። ያ ብርጭቆ የሚያንቀጫቅጭ ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔም ዞሬ ክር የምፈልግ መሰልኩ።

ከዚያ ወዲያ በሩ ዕረፍት አጣ። ምንም ያልሆነ ልብስ ይዘው ይመጡና «እስቲ ይቺን ስፌት እይልኝ» እያሉ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ይጥላሉ። እናቴ ግን በትእዛዝ አትጸልይም። የተነገራትን ብቻ ትጠራለች። የጠራቻቸው ሲያመሰግኗት «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» ትላቸዋለች። የዘበኛው ውሻ እንኳ ሳይቀር ተጸለየላትና ከገባችበት ጉድጓድ በሕይወት ወጣች። እኔ ብቻ ቀረሁ። ስሜን ከጠራች አንድ ክፉ ነገር በሬ ላይ ቆሟል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ «ድንቡሼ» ስትል ብሰማ ምን አለበት እላለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝና በውሻ ቀናሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ደርሳ፣ እናቴ ወደ ማዕዘኑ ዘወር አለች። ከወትሮው ረዘም አድርጋ አዳመጠች።

«እሷን?» አለች። ቀጥላ ፈገግ ብላ «እሷንማ አውቃታለሁ» አለች።

ፎጣውን ዘረጋች። «ለድንቡሼ ልጄ፣ ጌታዬ።»

ሸሚዙ ከእጄ ወደቀ። ስንት ዘመን የናፈቅኩት ስም ሲመጣ እንዲህ ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወንበሯ ጋ ስደርስ እጄ ወደ ፎጣው ተዘርግቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ብስበው ይቆማል። ሹፌሩም ያሰበው ይህንኑ ነበር። ያ የታጠፈ እጅጌ በዓይኔ መጣብኝ። እጄን ሰብስቤ እግሯ ሥር ተንበረከክኩ፤ እንድትጨርስ ተውኳት።

«ነገ ቤቱ ዝም ሲልባት አታስደንግጣት። እጇን ሥራ አታስፈታው። ብቻዋን አታስበላት። ያኮረፈችህ ጠልታህ አይደለም፣ ደክሟት ነው። አንተ ግን አታኩርፋት።» ፎጣውን መታ አደረገችው። «አሜን።»

«አሜን» አልኩ እኔም። ቃሉ ከጉሮሮዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋቋ ወጣ።

ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ውስጥ የለሁም። «ልብስ ሰፊዋ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ።

«ምንም። ክር ገብቶብኝ ነው።»

በማግስቱ መቀስ አልነካሁም። ካውያውን ነቀልኩት፣ ምድጃ አልለኮስኩም፣ ደረጃ አልወረድኩም። በሩን ቆለፍኩና ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። «ዛሬ አትሰፊም እንዴ?» አለችኝ። «ዛሬ ዕረፍት ነኝ» አልኳት። «እሰይ፤ አንቺም ሰው ነሽ» ብላ እጄን ቸብ ቸብ አደረገችኝና ያዘችው። እንዲሁ ይዛው ቆየች።

ፀሐይዋ ዞረች። እጄን ለቀቀችና ፎጣዋን ማጠፍ ጀመረች፤ ምን እንደምትል ግን አላዳመጥኳትም። አደጋው ከየት እንደሚመጣብኝ እየጠበቅኩ ነበር። ጣሪያውን አየሁ። በሩን አየሁ። የኤሌክትሪክ ገመዱን፣ ማዕዘኑን፣ መስኮቱን አየሁ። እሷን ብቻ አላየኋትም።

መዳፏ ፎጣውን መታ ሲያደርግ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም አለ።

ፎጣው ጉልበቷ ላይ ነበር፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሟል፣ እጇ ከላዩ አርፏል። አንገቷ ወደ ማዕዘኑ ዘንበል እንዳለ ነው፣ እንደሚጠሯት ሰው። «እማዬ» አልኳት። ደግሜ «እማዬ» አልኳት። ድንጋጤው እስኪመጣ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ሐዘኑ ግን መጣ። ወደ ማዕዘኑ ዞሬ አየሁ። ካውያው ብቻ ነበር፤ ግን ባዶ ቦታ አልመሰለኝም።

በሩ ተንኳኳ። ዓይኔን ጠርጌ ከፈትኩ። ሹፌሩ ነው፤ የሾርባ ድስት በግራ እጁ አንጠልጥሎ፣ ዳቦውን በጎደለችው ክንዱ ብብት ሥር ይዟል።

«ምን እንደሆነ እንጃ» አለኝ አፍሮ። «ለልጆቼ ላቀርብ ስል እግሬ ወደዚህ አመጣኝ። ምሳ በልተሻል?»

ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከላይ የአናጺው ክራንች ደረጃውን ቋ ቋ እያደረገ ሲወርድ ይሰማል። ከታች ባለሱቋ ሳህን በፎጣ ሸፍና እየወጣች ነው፤ ጸጉር ሠሪዋም ከኋላዋ።

ሹፌሩ ፊቴን አይቶ ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«ምነው? ማንን ጠራች?»

«እኔን» አልኩት። «እኔን ጠራችኝ።»