እግሬ ሥር ያለው ገበጣ

እናንተስ፣ ገላችሁን ስትታጠቡ በማን ላይ እንደቆማችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልጠየቅሁም፣ ስለ ወለል ይህን ሁሉ እያወቅሁ አልጠየቅሁም፣ ዛሬ ጠዋት በአዲሱ ቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃውን ከፈትሁ፣ ሳሙናው በእጄ ነው፣ ቀኝ እግሬ ጉድጓድ ነገር አገኘ፣ ክብ፣ ልስልስ፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል፣ ጣቶቼ ቀጥሎ ያለውን ነኩት፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን፣ ረድፍ ነው፣ ሦስት ረድፍ፣ አይ፣ አይሆንም፣ መነጽሬን አቀብሉኝ ልል ነበር፣ መነጽር ምን ያደርጋል፣ እግር ያውቃል። ገበጣ ነው። የእኔና የእህቴ የውባንቺ ገበጣ።

የመቃብሯ ድንጋይ።

ውሃው ይወርዳል። አንዱ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ሌላው ያፈሳል፣ ያምራል ደግሞ፣ ምነው ባያምር።

አክስቴ፣ ውሃው ሞቀ? እድላዊት ናት ከበሩ ውጭ፣ የወንድሜ የታፈረ ልጅ፣ ወለሉስ? ሰርፕራይዝ አለ ያልኩዎት እሱን ነው፣ አባዬ ነው ያሰበው፣ ለፎቶ እኮ ሌላ ነው! ልወጣ፣ በየት ልርገጥ? ሁሉም እሷ ናት።

በአባታችን የደጃፍ ድንጋይ ላይ ነበር የቀረጽነው፣ ለመቀመጫ ብሎ ከገደሉ ባመጣው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ በተሰበረ ማጭድ ጫፍ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ እናንት ምስጦች፣ እንጨቱ አልበቃ ብሏችሁ ድንጋይ ጀመራችሁ? እያለ አባታችን ያልፋል፣ የመጨረሻዋን ጉድጓድ ውባንቺ አጣመመቻት፣ ጠጠር ትደብቅባት ነበር፣ አንቺ ሌባ ስላት፣ ሌባስ አንቺ፣ ታላቅ ሆነሽ በታናሽ የምትሸነፊ። ከዚያ ስድሳ ስድስት መጣ፣ ርሃቡ መጣ፣ ውባንቺን ወሰዳት፣ አጥልቆ የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው በመንደሩ አልነበረም፣ ጅብ እንዳያወጣት ብሎ አባታችን ያንን ድንጋይ ከደጃፉ ነቅሎ ጫነባት። ስም አልተጻፈበትም። በእኛ መንደር መቃብር ስም አልነበረውም፣ ድንጋዩን ያወቀ ሟቹን ያውቃል። ታፈረ ያኔ ይድህ ነበር፣ የሚድህ ልጅ ምን ያስታውሳል።

እኔ ከጎኗ ልቀበር ነው የመጣሁት። ሌላ ምን ጉዳይ አለኝ እዚህ? ይህንንም ለታፈረ በስልክ ነግሬዋለሁ፣ እሺ እታለም፣ እሺ፣ ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ ለሱ ምን ያስቸኩላል፣ ብሎኛል። ለቀሪው ዕድሜ ደግሞ ቤት፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለው፣ እንደ ምርጫዬ።

ምርጫዬ። ጣልያን አገር፣ ቦሎኛ ውስጥ የሰው አሮጊቶች ሳጥብ ነው ያረጀሁት፣ እነሱ ሲያንቀላፉ መደርደሪያቸውን አነብባለሁ፣ ሲሞቱ መጽሐፎቹን ይሰጡኛል፣ ፈላስፋው ሁሉ ስለ ሞት ጽፏል፣ ስለ መታጠቢያ ቤት ወለል የጻፈ ግን አላገኘሁም፣ ሰው የሚሞተው እኮ እዚያ ነው፣ ከጦርነት የተረፈ ጄኔራል በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ላይ ዳሌው ሲሰበር አይቻለሁ። ቤቱ ሲሠራ እድላዊት ከየሱቁ የወለል ፎቶ ትልክልኝ ነበር፣ ይህ ነጩ እንደ መስታወት ነው አክስቴ፣ መስታወት ላይ ልራመድ? አልፈልግም፣ ይህስ እንጨት የሚመስለው? እንጨት ነኝ እያለ የሚዋሽ ሸክላ፣ አልፈልግም፣ የፕላስቲክ ምንጣፍስ? እሱን ለሙሽራ። ለማድ ቤቱ ነጭ እንዳታስቡ፣ እርድ በመገጣጠሚያው አንዴ ከገባ አይለቅም፣ የሴራሚክ ስብርባሪ ሰብስቡ፣ ቀይና ጥቁር፣ እንደ ሰፌድ ከመሃል እየጠመዘዛችሁ አንጥፉት። ለመታጠቢያው የአገሬን ድንጋይ፣ ሻካራ፣ እርጥብ እግር የሚይዝ፣ ያረጀ።

ድንጋይ አልኩ እንጂ እህቴን አላልኩም።

ታፈረ! ድምፄ የእኔ አይመስልም። አቤት እታለም፣ ይላል ከበሩ ውጭ፣ ወደዱት? ከየት አመጣኸው? ከየት አመጣኸው አልኩህ! የደብሩ ግቢ ሲደለደል ነው፣ እታለም፣ ቄሰ ገበዙ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩ፣ ዘመድ ያለው ድንጋዩን ያንሳ፣ ያልተነሳው ለኮረት ይፈለጣል አሉ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን አነሳ፣ እኔስ የእኛን ለመዶሻ ልተወው? ጸበል ረጭተው ነው የሰጡኝ፣ ጓሮ ተቀምጦ ነበር፣ እርስዎ የአገሬን ድንጋይ ሲሉ፣ እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን የአገር ድንጋይ አለ ብዬ፣ እናታችን ገበጣው የፋና ነው፣ የእርስዎ ነው ትል ነበር እኮ፣ ደስ ይልዎታል ብዬ።

ደስ ይልዎታል።

ውባንቺስ? ወዴት በኩል ናት? የበሩ እንጨት ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ ተደግፎታል። ከወይራዋ በታች መሰለኝ፣ ወይራዋም ተቆርጣለች፣ አሁንማ ዳር እስከ ዳር ሊሾ ፈሶበታል እታለም፣ ምእመኑ ጭቃ እንዳይረግጥ።

ዳር እስከ ዳር። ሲሚንቶ። እኔን የት ሊያደርጉኝ? ከማን ጎን? ግራ እግሬ ይፈልጋል፣ ያቺን ጠማማ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ እሷን ካገኘሁ አንድ ነገር የማገኝ ይመስል፣ ድንጋዩ ያልቃል፣ በቀጥታ፣ እንደ ዳቦ የተቆረጠ፣ ጠማማዋ የለችም። ታፈረ፣ ቆርጣችሁታል? አልገባ ብሎ ነው፣ ቧንቧው ጋ ረዘመ፣ ወንዴ ነው በግራይንደር፣ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ፣ ሲቆርጥ አቧራው ቀይ ነበር አለኝ። ማን ጠየቀህ ስለ አቧራው? ማን ጠየቀህ?

ውሃውን ዘጋሁት። ሳሙናው ገላዬ ላይ ይደርቃል፣ ይሳበኛል፣ ነጠላዬን በእርጥብ ገላዬ፣ ሁለቱን እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ ጉድጓዶቹን እየዘለልሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ልጅ፣ አንዷን እንኳ እንዳልረግጥ።

ወደ ማድ ቤቱ ወጣሁ። ቀይና ጥቁር፣ ከመሃል ተነሥቶ የሚጠመዘዝ፣ ልክ እንዳልሁት፣ አንድ ስብርባሪ ሳይዛነፍ፣ ይህን ያህል መስማት ከቻሉ ያንን እንዴት አልሰሙም፣ ከመሃሉ ላይ ታፈረ ቆሟል፣ አጎንብሷል፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፣ አዎ፣ ያገራችን ልማድ፣ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፣ የተበደለ ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ያወርድለታል፣ አባታችንም ለጎረቤት እንዲህ ቆሟል፣ የትኛውን ድንጋይ እንደያዘ ግን አሁን ነው የማየው። ቁራጩን ነው። ሌላውን ግማሽ። ጠማማዋ ጉድጓድ ከጆሮው በላይ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

እታለም፣ ስለ መድኃኔዓለም። እድላዊት ታለቅሳለች፣ ይበሉት አክስቴ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት፣ አባዬ ወገቡን ያመዋል።

አንዲት ቃል። ስለ ይቅርታ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ፣ በጣልያንኛም፣ በአማርኛም፣ ያማረ ነው፣ የጻፉት ሰዎች ግን የሙታኖቻቸውን ቦታ ሳያውቁት አይቀሩም፣ እሑድ እሑድ አበባ ይወስዳሉ፣ የታፈረ ፀጉር ሸብቷል፣ ይህ ልጅ መቼ ሸበተ፣ እጄ ተነሣ፣ እጄን አየሁት፣ ድንጋዩ ላይ አረፈ፣ ጣቴ ጠማማዋ ውስጥ ገባ፣ ልክ ነው፣ እንደ ድሮው ልክ ነው፣ ጠጠር የለባትም።

ይከብድሃል፣ አውርደው።

ይቅር አሉኝ እታለም?

አላልሁም። አንተን አላልሁም፣ ድንጋዩን አንሡ ያሉትን አላልሁም፣ ሲሚንቶ ያፈሰሱትን፣ ያን ዘመን ርሃብ የለም ያሉትን፣ ትታኝ የሄደችውን፣ ትቻት የሄድሁትን እኔን። አውርደውና እዚያ፣ ማንም በማይረግጠው ጥግ አስቀምጠው። ማንንም ይቅር አልልም።