ቶማ መድረክ ላይ ያገኛት እናት

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ሶዶ ላይ ቶማ የሚባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ጢም ካወጣ ቆይቷል፤ ያኔ ሁሉም ዘግይቶ ነበር ትምህርት የሚጀምረውና ማንም አልሳቀበትም። ልቡ ያለው አብራው በምትማረው በፈጠነች ዘንድ ነው። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ወደ አባቷ ሽማግሌ ሊልክ ከእናቱ ከወይዘሮ ሚርያም ጋር መክሮ ጨርሷል።

ታዲያ መምህር ሀብተሚካኤል የጥንት ግሪኮችን አሳዛኝ ቲያትር ማስተማር ጀመሩ። ንግሥት ባሏን ትገድላለች፤ ልጅ ያባቱን ደም ሊመልስ እናቱን ይገድላል፤ የእናትን ደም የሚበቀሉ አማልክት ደግሞ እሱን ያሳድዱታል። ለወላጆች ቀን መድረክ ላይ ይውጣ ተባለ። ቶማ ልጅየውን፣ ፈጠነች እናትየዋን ሆኑ። ቶማ ደስታውን አልቻለውም፤ ልምምዱ ሁሉ ከእሷ ጋር ነዋ።

ቀኑ ደርሶ አዳራሹ ሞላ። የፈጠነች አባት አቶ ዳልጮ፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌው፣ ከፊት ተቀምጠዋል። ቶማ የእንጨት ቢላውን ሲያነሣ ፈጠነች በነጠላዋ ላይ ደረቷን ይዛ፣ "ልጄ፣ ጠብተህ ያደግህበትን ጡት ልትወጋ ነው?" አለች። እሱም አዳራሹ እስኪያስተጋባ፣ "እናቴ ሆይ፣ አባቴንስ ማን ገደለው?" አለ። ሰው አለቀሰ። አቶ ዳልጮ ግን አላለቀሱም፤ ሲወጡ ቶማን ጠሩት።

"ሽማግሌ ልትልክ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር።"

"አዎ፣ አባባ።"

"እንግዲህ አትድከም። ጡቴን ጠባህ አለችህ፤ አንተም እናቴ አልካት። አገር ሰምቷል። የጡት እናቱን ያገባ ሰው ታውቃለህ?"

"ቲያትር እኮ ነው፣ አባባ።"

"እኔ አውቃለሁ። ጎሜ ግን ይህን ያውቃል?"

ጎሜ የተከለከለውን በደፈረ ሰው ላይ፣ እሱ ቢያመልጥም በልጆቹ ላይ የሚመጣ ጣጣ ነው።

"እርስዎ የጸሎት ቤት ሰው ሆነው በጎሜ ያምናሉ?"

"እኔስ አላምንበትም። እሱ ግን አላመንክብኝም ብሎ አይተወኝም።"

ቶማ ሮጦ መምህሩ ዘንድ ሄደ። ግሪኮች ነገሩን በምን ጨረሱት ብሎ ጠየቃቸው።

"ፍርድ ቤት ተቀምጦ" አሉ መምህሩ። "ለልጁ የተሟገተለት አምላክ፣ እናት ወላጅ አይደለችም፤ ያባትን ዘር እንደ እንግዳ ተቀብላ የምታቆይ ናት አለ። ዳኞቹ እኩል ለእኩል ቢከፈሉም ልጁ ነጻ ወጣ።"

ቶማ ከዚህ ወዲያ አልሰማም። እናቱን ይዞ አቶ ዳልጮ ቤት ገባ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተጠርተው በተቀመጡበት የመምህሩን ቃል እንዳለ አነበነበላቸው። የወለደች እናት እንኳ ዘመድ ካልሆነች፣ የመድረክ ጡት ምን ያስራል ብሎ ደመደመ።

ሁሉም ወይዘሮ ሚርያምን ያይ ጀመር።

"እንግዳ ተቀባይ ነኝ ማለት ነው?" አሉ እሳቸው ቀስ ብለው። "እንግዲያው እንግዳዬ፣ ቆይታህ በዝቷል። ሌላ ማደሪያ ፈልግ።"

ከጓዳ የፈጠነች ድምፅ መጣ፤ "ነገ እኔንም እንዲህ ሊለኝ ነው።"

ቶማ በአንድ ቁጭታ ሁለት እናትና አንዲት እጮኛ አጣ። አንገቱን ሲደፋ፣ ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው አቶ ኤርካሎ አዘኑለት።

"ጎሜ የሚፈታው ጥፋትን ገልጦ በመናገር ነው" አሉ። "በሰው ፊት የተባለ፣ በዚያው ሰው ፊት ይፈታ። ቲያትሩ ይደገም።"

ተደገመ። ወሬው ሻንቶ ከተማ ድረስ ደርሶ ስለነበር ቆሞ የሚያይ እንኳ ቦታ አጣ። እናቱን የሚወጋበት ቦታ ሲደርስ ቶማ ቢላውን ጣለ።

"ይህች እናቴ አይደለችም፤ ጡቷንም አልጠባሁም። እናቴ ያቺ ናት" አለና ወደ ወይዘሮ ሚርያም ጠቆመ። "እንግዳ ተቀባይ ማለቴም ጥፋት ነው።"

"ጮክ በል" አሉ ወይዘሮ ሚርያም። "ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

ጮኾ ደገመው። ከመጋረጃው ጀርባ መምህር ሀብተሚካኤል ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። አቶ ዳልጮ ግን ብድግ ብለው፣ "አሁን ሽማግሌ መላክ ትችላለህ" አሉ።

"ቆይ፣ አባዬ" አለች ፈጠነች፣ የንግሥቲቱን ዘውድ እንደደፋች። "እኔም ልጠይቀው። ቶማ፣ ብንወልድ ልጆቹ የማን ናቸው?"

"ያንቺ" አለ ቶማ፣ ፈጥኖ።

"የሁለታችን በል። አሁን ደግሞ አታብዛው።"

"የሁለታችን።"

ዘውዱን አውልቃ አስያዘችውና ከመድረኩ ወረደች። ቶማም ዘውዱን እንደታቀፈ ተከተላት።