የአንጀቴ ግድግዳ ባለቤት

ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም ማየት ከጀመርኩ ሰንበትበት ብሏል። ሐኪሞቹ አንጀቴን በካሜራ አዩና "አሁን ደግሞ አልትራሳውንድ" ብለው ጌዴራ ከተማ ቀጠሩኝ። እኛ ዘንድ አልትራሳውንድ የእርጉዝ ነው። ከቂርያት ማላኪ ስንነሳ አውቶቡስ ውስጥ እትዬ ውብዳር "ጀምበሬ፣ ወዴት ነህ?" ቢሉኝ፣ "ማርገዜን ሊያረጋግጡ ነው፤ መንታ ነው ይላሉ" አልኳቸው።

"ክፉ አይንካህ! ከማን?"

አውቶቡሱ በሳቅ ሊገለበጥ ምንም አልቀረው። እኛ ጌዴራ ሳንደርስ ወሬው ከዚያ ወዲያ ያለችው ያቭኔ ከተማ ገብቶ አራት ልጅ ወልጄ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ሊኖር ግን አልሳቀችም። የምትደብቀኝ ነገር እንዳለ ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

አስተርጓሚዬ እሷ ናት። ዕብራይስጥ የማልችል ይመስላታል። የማልችል መስዬ ስኖር ስንት ምስጢር ጠጥቻለሁ! ቤኤር ቱቪያ፣ አትክልት መጋዘን ውስጥ ስሠራ፣ አለቆቼ ፊቴ ሲማከሩ እንደ ሳጥን ቆሜ እሰማ ነበር።

ጌዴራ ደርሰን ምርመራ ክፍል ስንገባ ሐኪሟ ካሪን ወደ ሊኖር ዞራ በዕብራይስጥ፣ "የአባትሽ ትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ያለው ጊዱል ክፉ ነው። ግድግዳውን ምን ያህል እንደበላ ዛሬ እናያለን። አልነገራችሁትም እንዴ?" አለቻት።

"እኛ ዘንድ ለበሽተኛው አይነገርም" አለች ልጄ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ፣ "አባ፣ ኪንታሮት ነው አለች። ቤሰደር፣ እሺ?"

ጊዱል! መጋዘኑ ውስጥ በየሳጥኑ የተለጠፈች ቃል ናት፤ ከእገሌ እርሻ የበቀለ ማለት ነው። አንዱ አለቃችን ታሞ ሲሞት ደግሞ ያችኑ ቃል ለዕጢ ሲሏት ሰምቻለሁ።

"ዶክተር" አልኩ በጠራ ዕብራይስጥ፣ "የበቀለብኝ ቲማቲም ነው ወይስ ዱባ?"

ሊኖር ወንበሯን ጨበጠች። "አባ! ዕብራይስጥ ከየት አመጣህ?"

"አንቺ ኪንታሮቱን ካመጣሽበት።"

ከዚያ በኋላ እምቢ አልኩ። "ማደንዘዣ አልፈልግም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሪው። ቤቴ ሲፈተሽ ተኝቼ አልጠብቅም!"

"ብዙ አያምህም፣ ግን አይመችህም" አለች ካሪን።

"ሳይመቸኝ ነው የኖርኩት!"

በጎኔ ተኛሁ። ጣት የሚያክል ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ውሃ የሞላው ትንሽ ፊኛ ያለበት፣ ስሙን በማልጠራው በር ገባ። ድምፅ እየላከ ግድግዳውን ይስላል አለችኝ። እኔ በዚያ በር ድምፅ ሲወጣ እንጂ ሲገባ ሰምቼ አላውቅም።

ስክሪኑ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር እንደ ጥለት ተደራርቧል።

"ይህ ወፍራሙ ጥቁር ጡንቻህ ነው" አለች። "ዕጢው እሱን አልፎ ከሆነ መንገዱ ይረዝማል፤ መጀመሪያ ጨረርና መድኃኒት፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና።"

ቱቦውን ቀስ አድርጋ አዞረችው። አንድ ቦታ ላይ ጥቁሩ መስመር ሳሳ። ካሪን አንገቷን ወደ ሊኖር መለስ አደረገች።

"ወደ እሷ ምን ያዞርሻል? አንጀቱ የኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ። እንደዚያ ተኝቶ እንደዚያ የጮኸ ሰው ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የለም።

ካሪን ፊቷን መለሰች። ዓይኔን እያየች፣ "ጡንቻው ውስጥ ገብቷል። አልፎ አልወጣም። ግን ተቆርጦ መውጣት አለበት" አለችኝ።

ሊኖር አለቀሰች። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ውስጥ ያለውን አወቅሁ።

"ይቆረጣ!" አልኩ። "ከእንግዲህ አንቺ ለኔ ትነግሪኛለሽ፣ ለቤተሰቤ እኔ እነግራለሁ። አሁን ግን በይ ያላ፣ ቱቦሽን አውጪልኝና እንደ ሰው ተቀምጠን እንነጋገር።"