ያልኸውን ነው የምሰማ

ሉማሜ ላይ አማርኛ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ምጸት የሚለውን ትምህርት በየዓመቱ እደግመዋለሁ። ሰሌዳው ላይ «የሚባለው ሌላ፣ የሚፈለገው ሌላ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ተማሪ ይገለብጣል፤ እኔም ጠመኔውን ከእጄ አራግፌ እወጣለሁ። ደክሞኛል።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ፈልጌ አላውቅም፤ ምሳሌው እኔው ነኝ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አለበል ረፍዶበት ሲመጣ «ምነው ቸኮልክ?» እለዋለሁ። የተሳሳተ መልስ ሳይ «ጎሽ!» እላለሁ። ተማሪዎቼ ስለለመዱኝ «ጎሽ» ስል ላጲስ ያነሳሉ። አንድ ጊዜ ትንቢት የምትባል ልጅ በትክክል ሠርታ፣ ከልቤ «ጎሽ» ብላት፣ አጥፍታ ሌላ ጻፈች። ያን ቀን ለመምህራኑ አውርቼ ሳቅንበት።

ቤትም ያው ነኝ። አባቴ ደብተራ ነበር፤ በእኛ ቤት ነገርን በቀጥታ መናገር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ከሱ የወረስኩት መሬት የለም፤ አሽሙር ነው። ባለቤቴ አሰገደች ወጥ ላይ ጨው ስትረሳ «እጅሽ ይባረክ፣ ይጣፍጣል» እላለሁ። እሷ ተነስታ ጨው ታመጣለች።

ባለፈው ጥቅምት እህቷ የኔአለም አምበር ላይ ሻይ ቤት ከፈተችና እዚሁ መጥተሽ አብረን እንሥራ አለቻት። አሰገደች ራት ላይ ነገረችኝ። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን። እሷ ከሄደች እኔ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው። ፈራሁ። አትሂጂ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ሂጂ እንጂ፤ እኔ ምን እሆናለሁ? እንዲያውም አርፋለሁ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» የሚል ነው። እንደ ወትሮዋ ፈትታ ትረዳዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

አሰገደች መሶቡን ከደነችና «አሜን» አለች።

ቀልድ መሰለኝ። በማግስቱ ግን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትታ አቧራውን ታራግፍ ጀመር። ምን እየሠራሽ ነው ብላት፣ ሂጂ አላልኸኝም ወይ አለች። እንደዚያ ማለቴ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ አልኳት። ያን ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሳትቆጣ ነገረችኝ።

«አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት የምትለውን ስፈታ ኖርሁ። ሲያመሰግነኝ መስደቡ ነው እያልሁ፣ ሂጂ ሲለኝ ቅሪ ማለቱ ነው እያልሁ። ደከመኝ። ከእንግዲህ ያልኸውን ነው የምሰማ። መቅረቴን ከፈለግህ ቅሪ በለኝ፣ እቀራለሁ። ሌላ አይዶል፤ ቅሪ።»

ሁለት ፊደል ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሞከርኳት። ሰሌዳ ላይ ጻፋት ብባል እጽፋታለሁ፤ ምላሴ ላይ ስትደርስ ግን ትጣመምብኛለች። አንድ ቀን ደፍሬ ጀመርኩና «ቅሪ እንዳልልሽ፣ የሻይ ቤት እመቤት ልትሆኚ ነው፤ ማን ይደርስብሻል?» ብዬ ጨረስኩ። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ልብሷን ማጠፏን ቀጠለች። በራሴ ተናደድኩ፤ ንዴቴን ግን ማታ በሩን አልዘጋሽም ብዬ በእሷው ላይ ተወጣሁት።

ቅዳሜ ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ሸኘኋት። ረዳቱ «አምበር፣ ማርቆስ» እያለ ይጣራል። አምበር ሩቅ አይደለም፤ ሰው ከቤቱ አንዴ ከወጣ ግን ቅርቡም ሩቅ ነው። ሚኒባሱ መስኮት ሥር ቆምኩ። መስታወቱን ገፋ አድርጋ ጠበቀችኝ። ልትሰማኝ እንደምትፈልግ አየሁ። አፌን ከፈትኩና «በይ እንግዲህ፣ ተገላገልኩ» አልኳት።

«ደስ ይበልህ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። መኪናው ሄደ።

ቤት ስገባ ምስር ወጥ ሠርታ ትታልኛለች። ሳላሞቀው በላሁት። ጨዉ ልክ ነበር፤ በርበሬው ልክ ነበር። እያለቀስኩ በላሁ ብል የሚያውቀኝ ሰው አያምነኝም፤ ግን አለቀስኩ። ከዚያ ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። ዛሬ አንዲት እውነት ሳላጣምም ልናገር ብዬ፣ ለመጀመሪያ ቀላሏን መረጥኩ።

«አሰጉ» አልኳት፣ «ወጡ ይጣፍጣል።»

ከጀርባዋ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«ውይ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ጨው ረሳሁ?»